እናቴ «ተመስገን» ስትል

አባቴ በሞተ ዓመት፣ አንድ ጠዋት እናቴ የጤፉን ጆንያ ገልብጣ ስታራግፍ አየኋት። የወረደው አንድ እፍኝ አይሞላም። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «እንዴት አደራችሁ?» አለች። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ «ተመስገን!» አለቻት። ልጅ ነበርሁና ዋሸች አልሁ። ካደግሁም በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም፦ ባዶ ጆንያ ይዞ ማመስገን እምነት ነው ወይስ ገበናን መሸፈኛ?

ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የተላከውን መልእክት አነበብሁ። ጳውሎስ በማግኘትም በማጣትም ረክቶ መኖርን እንዳወቀ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። መጀመሪያ አላሳመነኝም። መከራ የበዛበት ሰው ልቡ ይደነድናል፤ የማይሰማው ሰው ቢረካ ምን ይደንቃል? በዚያ ዘመን ኢስጦኢኮች የተባሉት ፈላስፎችም ከማንም ሳይጠብቁ ራስን መቻልን ያወድሱ ነበር።

ደግሜ ሳነብ ግን ልበ ደንዳና ሰው አላገኘሁም። የፊልጵስዩስን ሰዎች ስጦታ ያደረሰለት አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ጳውሎስም ቢሞትበት ኖሮ በኀዘኑ ላይ ሌላ ኀዘን ይጨመርበት እንደነበር አልሸሸገም። እንግዲያስ መርካት አለማዘን አይደለም። ደግሞም መርካትን ተማረው እንጂ አብሮት አልተወለደም። ጉልበቱንም ከራሱ ሳይሆን ከክርስቶስ ነው የሚያገኘው፤ ከፈላስፎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ለተራበ ሰው «ባለህ ርካ» ብሎ ማለፍ ለጠገበ ይመቻል። ጳውሎስ ግን መርካቱን በተናገረበት አፍ፣ ወዲያው መከራውን የተካፈሉትን ያመሰግናል። ስለዚህ መርካት ሰው ለራሱ የሚማረው እንጂ በሌላው ላይ የሚጭነው አይደለም፤ ጎረቤትንም ከመስጠት ነጻ አያወጣውም።

የዚያን ቀን እናቴ ጆንያውን አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣችው። ጎረቤታችን አይታው ኖሮ፣ ማታ አንድ ሳህን ሽሮ በነጠላዋ ሸፍና መጣች። እናቴ ተቀብላት አለቀሰች፤ እያለቀሰችም «ተመስገን» አለች።

እኔ የጠዋቱን ብቻ ይዤ ነበር የፈረድሁባት። ለነገሩ ጠዋትስ ስለ ጆንያው ማን ጠየቃት? «እንዴት አደራችሁ» ነው የተባለችው። በጸሎተ አኮቴት ቤተ ክርስቲያን የምታመሰግነው እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ነው። አድረን ነበር፤ ያሳደረንንም እናቴ ታውቀዋለች። እናቴ አልዋሸችም።