«ክትትልሽ የት ነው?»

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር ቶሎ ከሚቀርቡላት ጥያቄዎች አንዱ «ክትትልሽ የት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዋ ጤናዋ አሳስቧት ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ግን የሚሰማው እንደ ገቢ መግለጫ ነው። የግል ሆስፒታል ስም ከጠራች ኑሮዋ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ከመንግሥቶቹ ሆስፒታሎች ጋንዲን ወይም ጳውሎስን ከጠራች «አይዞሽ፣ እዚያ እኮ ጎበዝ ሐኪሞች አሉ» የሚል ማጽናኛ ይከተላል። ጎበዝ ሐኪም ወዳለበት የምትሄድ ሴት ማጽናኛ የሚያስፈልጋት ለምንድን ነው? እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን የመረጠች እናት በእርግጥ የመረጠችው ምንን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ቶሎ የሚመጣው መልስ «ደኅንነትን» የሚለው ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የወሊድ አገልግሎት በነጻ እንዲሰጥ ተወስኗል፤ ምንም እንኳ ባል አልፎ አልፎ ጓንትና መድኃኒት ከውጭ እንዲገዛ መታዘዙ ባይቀርም። የግሉ ሲገቡ ማስያዣ፣ ሲወጡ ሒሳብ ይጠይቃል። የተከፈለበት ነገር ይበልጣል ብሎ ማሰብ ደግሞ የሰው ልማድ ነው። ሆኖም ወሊድ ላይ ብር የሚገዛው በአብዛኛው የሚታየውን ነው፦ ለብቻ ክፍል፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ ስሟን የሚያውቅ ሐኪም፣ ምጧ ሲጸና እጇን የምትይዝላት እናቷ። ሕይወት የሚያተርፈው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን የተሰወረ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም ካልቆመ ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ሊገድል ይችላል። በዚያን ሰዓት የሚፈለገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ የቆየ ኦክሲቶሲን፣ ለእሷ የሚስማማ ደም፣ ግቢው ውስጥ ያደረ የማደንዘዣ ባለሙያና እንዲህ ያለውን ጉዳይ ደጋግሞ ያየ እጅ ነው። ይህን ሁሉ ካርድ ክፍል ቆሞ ማየት አይቻልም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሁለቱም ዘንድ ብንገባ ምን እናገኛለን? በመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ነቅተው ያድራሉ። ከየጤና ጣቢያው ሪፈር የተባለ ከባድ ምጥ እዚያ ስለሚደርስ፣ በእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥም ሆነ የማሕፀን መቀደድ እንግዳ አይሆንባቸውም። ዳሩ ግን አንዲት አዋላጅ በአንድ ጊዜ ስንቷን ሴት ትከታተላለች? የሕፃኑ የልብ ትርታ ቢበዛ በየ30 ደቂቃው መደመጥ ሲገባው ተራው ሳይደርስ ይመሻል፣ ይነጋል። በትንሽ የግል ሆስፒታል በተቃራኒው አዋላጇ ለአንዲት ሴት ጊዜ አላት፤ ስፔሻሊስቱ ግን ቤቱ ተኝቶ በስልክ የሚጠራ ሊሆን ይችላል። (ትልልቆቹ የግል ሆስፒታሎች ሐኪም ያሳድራሉ፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምናም አላቸው። «የግል» የሚለው ስም ብዙ የማይመሳሰሉ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማጎሩ ለማንም አልጠቀመም።) እንግዲህ ቀላል ምጥ ላላት ሴት አንዱ ዘንድ ይደላታል፣ ያልታሰበ ነገር የገጠማት ሌላው ዘንድ ትተርፋለች ማለት ይቻል ነበር፤ ችግሩ ማን የትኛዋ እንደምትሆን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ አለመታወቁ ነው።

እናቶች ይህን ክፍተት በወሬ ይሞሉታል። «እገሊት እዚያ ወልዳ ምን ሆነች መሰለሽ» የሚለውን ወሬ የተማረ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ለመናቅ አልቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። አንዱ የሕክምና ተማሪዎች፣ ሁለተኛው የአዋላጆች መማሪያ ሲሆን፣ ሴቲቱ የትኛው እንደሚደርሳት የሚወስነው የገባችበት ቀን ነበር። ሴቶቹ የመጀመሪያውን ክፍል እጅግ ስለሚፈሩት ወደ ሁለተኛው እንዲወስዷቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ሐኪሙ ኢግናዝ ዘመልቫይስ የሁለቱን ክፍሎች የሞት መዝገብ ሲያነጻጽር ልዩነቱ በእርግጥም ሰፊ ሆኖ አገኘው፤ በ1847 ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል ሲመጡ እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ ሲያስገድድ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ወሬው እውነት ነበረው፤ እውነትነቱን ያረጋገጠው ግን መዝገብ ነው። የእኛዋ ነፍሰ ጡር ወሬውን አላጣችም። ስንት እናት ወልዳ ስንቷ ደም ፈሰሳት፣ ስንቷ በኦፕራሲዮን ወለደች የሚል ሰሌዳ ግን በግልም በመንግሥትም ሆስፒታል በር ላይ ተለጥፎ አላየሁም።

ስለ ኦፕራሲዮን ከተነሳ ጥቂት መቆየት አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያስቀመጠው መጠን ከ100 ወሊድ ከ10 እስከ 15 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ በኦፕራሲዮን የሚወልዱት 2 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 21 በመቶ ያህል ነበሩ። በአንድ አገር ውስጥ ቢላዋው ያልደረሰላት ሴትና ሳያስፈልጋት የደረሰባት ሴት አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። ለሁለተኛዋ የሐኪሙን ስግብግብነት መውቀስ ይቀናናል። ሐኪሙ ግን ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ምጥ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ኦፕራሲዮን በአንድ ሰዓት ያህል ያልቃል፣ ክፍያውም ይበልጣል፣ ሐኪሙም ጠዋት የመንግሥት ሥራው ላይ መገኘት አለበት። ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆን «ለምን ቀድመህ አላወጣኸውም?» ይባላል እንጂ «ለምን ቸኮልክ?» የሚለው የለም። እነዚህ ምክንያቶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን በሚገፉበት ክፍል ውስጥ፣ አሥር ሰዓት ያማጠችና የደከማት ሴት «ይሻልሻል» ስትባል እሺ ማለቷ ምርጫ ነው ለማለት ይከብደኛል። ጠባሳው ደግሞ ለሚቀጥለው እርግዝና ይተርፋል፤ ያን ጊዜ ኦፕራሲዮን ከማይሠራበት አካባቢ ብትሆን አደጋው የከፋ ነው።

«ገንዘቡ የራሷ፣ ማሕፀኑም የራሷ፣ ሌላው ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ጠንካራ ክርክር ነው። ነገር ግን የግል ሆስፒታል የገባች ሴት ከመንግሥት ሆስፒታል ወጥታለች የሚል ግምት አለበት፤ ይህ ግምት ሐሰት ነው። የሚያዋልዳት ስፔሻሊስት በአብዛኛው የተማረው ጥቁር አንበሳን ወይም ጳውሎስን በመሰለ የመንግሥት ተቋም፣ ነጻ ታካሚ በሆኑ ድሆች ሴቶች ላይ ተለማምዶ ነው። ደም ካስፈለጋት ለግልም ለመንግሥትም ከሚያከፋፍለው የደም ባንክ፣ ማንነቷን የማያውቅ ሰው በነጻ ከሰጠው ይመጣላታል። ትንሹ የግል ሆስፒታል ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ጽፎ በአምቡላንስ የሚልካት ብዙ ጊዜ ወደዚያው ወደሸሸችው ግቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት «አልጋ የለም» መባልን ገንዘቧ አይከለክልላትም። የግሉ ወለል የመንግሥቱ ነው።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የናይጄሪያን የባቡር አገልግሎት አንሥቶ አንድ ነገር አሳይቷል፦ በአገልግሎቱ መበላሸት አብዝተው የሚማረሩት ደንበኞች ጭነታቸውን ወደ መኪና ሲያዞሩ፣ ባቡሩ የሚጮህበት ሰው አጣና ጭራሽ ባሰበት። የማዋለጃ ክፍላችንም ከዚህ አይርቅም። ቢሮ ገብቶ የሚከራከር፣ ባለሥልጣን የሚያውቅ፣ አቤቱታ መጻፍ የሚችል ቤተሰብ ሚስቱን ይዞ ወጥቷል። የቀረችው «ዝም በይ!» ስትባል ዝም የምትል ናት።

በዚህ ምክንያት የወጡትን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚሸሹት እኮ ሕክምናውን ሳይሆን አያያዙን ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ያደረገው ችግሩ መኖሩን አውቆ ነው። ምጥ ላይ የተሰደበች ሴት ልጇን በሰላም ብትታቀፍም የሚቀጥለውን ልጅ ልትወልድ ወደዚያ ላለመመለስ ትምላለች፤ ገንዘብ ያላት ወደ ግል ትሄዳለች፣ የሌላት ቤቷ ትቀራለች። ስለዚህ ክብር ከሕይወት ማትረፍ ቀጥሎ የሚመጣ ምቾት ነው የሚሉትን አልቀበልም። ቤት የቀረችው ሴት ከደሙም፣ ከማደንዘዣውም፣ ከሬዚደንቱም ርቃለች።

አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች «ፕራይቬት ዊንግ» ከፍተው እዚያው ግቢ፣ በእነዚያው ሐኪሞች፣ በክፍያ ማከም ጀምረዋል። ሰዎች ለምን እንደሚፈልጉት ግልጽ ነው፤ የተከበረ አያያዝንና ደሙን፣ ሬዚደንቱንና የጨቅላ ሕፃናቱን ሙቀት ክፍል በአንድ ግቢ ያገኛሉ። ገቢው ሐኪሙን ከሆስፒታሉ እንዳይለቅ ይረዳል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ክፍያው የሚያስገኘውን አንድ በአንድ ብንቆጥረው፣ በሁለት አልጋዎች መካከል የሚጋረድ ጨርቅ፣ እናቷ አጠገቧ እንድትገባ የሚሰጥ ፈቃድና በስሟ መጠራት ይገኙበታል። ስፔሻሊስት ለማፍራት ዓመታት ያስፈልጋሉ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ለማደራጀትም ብዙ ገንዘብ ይወጣል። መጋረጃ ለመስቀልና ሴቲቱን በስሟ ለመጥራት ግን የበጀት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በነጻው ክፍል የጠፉት ስለሚወደዱ ነው ሊባል አይችልም።