የማን ራስ ቅል?

የሰፈራችን የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» የሚለው ስም መነሻው ግሪክኛ ነው፤ ክራኒዮን፣ የራስ ቅል። በሉቃስ ወንጌል 23፥33 የግእዙ ተርጓሚ ሳይፈታው፣ ድምፁን ብቻ ለውጦ ተቀበለው። ቀራንዮ መድኃኔዓለምም ኮልፌ ላይ በዚሁ ስም ይጠራል።

ላቲኖቹ ግን ፈቱት። ቅዱስ ጄሮም ካልቫሪያ አለው፤ ሥሩ ካልቩስ፣ መላጣ ማለት ነው። በወንጌሉ የምናገኘው ካልቫሪኤ የሚለውን ነው። መድረሻው ላይ ያለችው «ኤ» በእኛ ሰዋስው ዘርፍ የምንለውን ታመለክታለች፦ የራስ ቅል ስፍራ። ዘርፍ ደግሞ ጥያቄ ይጎትታል። የማን ራስ ቅል?

የእስክንድርያው ኦሪገን በ3ኛው መቶ ዘመን ከዕብራውያን የደረሰውን ትውፊት ጻፈ፤ በዚያ የተቀበረው አዳም ነው። ጄሮም እ.ኤ.አ. በ398 የማቴዎስን ወንጌል ሲያብራራ አልተቀበለውም። አዳም ያለው በኬብሮን ነው፤ ስፍራው ካልቫሪያ የተባለው የተፈረደባቸው አንገታቸው ስለሚቀላበት ነው አለ። ጥንቁቅ ሊቅ ነው፤ ማስረጃውንም ከመጽሐፈ ኢያሱ ይጠቅሳል።

እኔ ግን እናቴ ቀራንዮ መድኃኔዓለም የተቀበረች ሰው ነኝ፤ ልቤ ወደ ገድለ አዳም ያደላል። በዚያ መጽሐፍ የአዳም ሥጋ በኖኅ መርከብ የጥፋትን ውኃ ይሻገራል፤ ሴምና መልከ ጼዴቅ ወደ ምድር መካከል ወስደው ያኖሩታል። የእኛ ሠዓሊዎች ከመስቀሉ ግርጌ የሚሥሉት ራስ ቅል የእሱ ነው፤ የጌታም ደም ይወርድበታል። በጄሮም ፍቺ በቀራንዮ የወደቁት ራሶች ስም የላቸውም። በገድለ አዳም ግን ባለቤቱ ይታወቃል፤ ልጆቹ ትውልድ ለትውልድ ተቀባብለው ተሸክመውታል። ደሙ የፈሰሰው በጅምላ ለሰው ዘር ብቻ ሳይሆን፣ በስሙ ተጠርቶ «ወዴት ነህ?» ለተባለው ለዚያ ለአንዱ ነው። ለእናቴ በክርስትና ስሟ ጸሎተ ፍትሐት ያደረሱላት ካህናትም የሚያምኑት ይህንኑ ይመስለኛል።

የጄሮምም ፍቺ ቢሆን ምሕረት አይጎድለውም። ክርስቶስ የተሰቀለው ከተፈረደባቸው መካከል ነውና። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ በወንጌል ስሙ አልተጻፈም፤ ገነትን ግን ወረሰ። አባቶቻችን ታዲያ እሱንም ያለ ስም አልተዉትም፤ ጥጦስ ይሉታል።