ሽበትና ሥራ

ወጣት አንባቢ ሆይ! በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ያለ ኮሌጅ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ አሠልጣኝ ሲፈልግ አንድ ጎልማሳና አንድ ጠጉራቸው የሸበተ አዛውንት ቢቀርቡለት ማንን ይምረጥ? አንዱ «ካረጁ አይበጁ» ብሎ ይፈርዳል፤ ሌላው ስለ ሽበታቸው ብቻ ይሰግድላቸዋል። ሁለቱም ዕድሜን ቆጠሩ እንጂ ሥራን አልመዘኑም።

አቶ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያበቁ ወጣት አልነበሩም፤ ቡድኑንም ከዚያ ቀደም አሠልጥነውት ነበር። አገራችን 31 ዓመት ወደራቀችው ውድድር በ2005 ዓ.ም. ተመለሰች። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ ሳለ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን። ይሁን እንጂ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያም 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ አሠልጣኙም በ2006 ዓ.ም. ተሰናበቱ። እንግዲህ ልምድ በር ይከፍታል እንጂ ድልን ሁሉ አይገዛም።

ታዲያ መመዘኛው ምንድን ነው? ይህን የሐድያና የከምባታ ገበሬ ያውቀዋል። እናቲቱ እንሰት ካልተቆረጠች ከሥሯ ብዙ ችግኝ አይወጣም። አዛውንቱም ኩራታቸውን ቆርጠው ያወቁትን ለወጣት ረዳታቸው የሚያወርሱ ከሆነ ይቀጠሩ፤ የድሮ ዝናቸውን ብቻ የሚጠብቁ ከሆነ ግን ይቅርባቸው፤ ተማሪው የሚጫወትበት ዘመን አጭር ነውና።

አንተም አንድ ቀን ትሸብታለህ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና ቁናህን ዛሬ አስተካክል።