የዓሣ ገንዳን እንደገና ማስዋብና የባለቤቱ ሥልጣን

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ድንጋይና ሕያው ተክል እንደ አዲስ ሲደረደር፣ ሰው በሌላ ፍጡር መኖሪያ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ኢዋጉሚ የተባለ አደራደር ድንጋዮቹን ጎዶሎ ቁጥር ያደርጋል፤ ትልቁንም ከመካከል ፈቀቅ አድርጎ ያቆማል። በእርግጥ ያምራል። ዓሣው ግን የሚኖረው በውኃው ነው እንጂ በመልኩ አይደለም። ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ተክሉም አሞኒያውን እየመጠጠ ያግዛል። ስፖንጁ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ከታጠበ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ፤ ጥርት ባለው ገንዳ ውስጥ ዓሦቹ ይመረዛሉ። ስፖንጁ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ቢታጠብ ግን ባክቴሪያዎቹ ይተርፋሉ። ወደ ሥልጣኑ ጥያቄ ስንመለስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ገነትን የማበጀትና የመጠበቅ አደራ የተሰጠው በአንድነት ነው። በዓሣ ገንዳ ግን መጠበቁ ሊቀድም ይገባል፤ ዓሣው ቤቱን አልመረጠም፣ ለቆ መሄድም አይችልም። ስለዚህ የኖረው ጠጠርና ማጣሪያ ባለበት ይቆያል፤ ድንጋዩና ተክሉ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይለወጣል።