ዕጣና ገመድ

ወንድማማች የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ ገመዱን የሚጥለው ከመካከላቸው አንዱ ከኾነ፥ ሌላው አስቀድሞ ዕጣ ይጠይቃል። ስለ ምን ቢሉ፥ ከፋዩ የትኛው ድርሻ እንደሚወጣለት ካላወቀ አስተካክሎ ይከፍላልና ነው። ኢያሱም በሴሎ ለሰባቱ ነገድ የቀረውን ምድር ሲያካፍል እንዲህ አደረገ፤ ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰው ልኮ ምድሪቱን በሰባት ክፍል ካስጻፈ በኋላ ዕጣ ጣለ። ጸሓፊዎቹ የትኛው ክፍል ለማን እንዲደርስ አያውቁም ነበር።

ይህን ማንሣታችን ስለ እንደራሴዎች የምርጫ ክልል ለመናገር ነው። በዚህ የሚከፈለው መሬት ይመስላል እንጂ የሰው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ወገኑን የሚጠቅም አከፋፈል በፊርማው አጸደቀ፤ አንዱ ክልል እንደ እንሽላሊት ተጠማዝዞ ስለ ታየ፥ እንዲህ ያለው ሥራ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። የካሊፎርኒያ ሕዝብ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ድምፅ ሰጥቶ ሥራውን ከሕግ አውጭዎች ወሰደና ለ14 ዜጎች ጉባኤ ሰጠ፤ ከኹለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች አምስት አምስት፥ ከኹለቱም ውጭ አራት። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ እነርሱም ስድስቱን ይመርጣሉ። ኢያሱ ዕጣውን በምድሪቱ ላይ ጣለ፤ እነዚህ ደግሞ በከፋዮቹ ላይ ጣሉት።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ103ኛው አንቀጽ፥ ሕዝብ በየዐሥር ዓመቱ እንዲቈጠር፥ በቈጠራውም መሠረት ምርጫ ቦርድ ሐሳብ እንዲያቀርብ፥ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የክልሎቹን ወሰን እንዲወስን ያዝዛል። አቅራቢውና ወሳኙ መለየታቸው መልካም ነው። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. 53 ሚልዮን፥ በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚልዮን ከተቈጠረ ወዲህ፥ በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ ተላለፈ። በ2013ቱ ምርጫ የነበሩትን 547 ክልሎች ይዘን ብናሰላ፥ በፊተኛው ቈጠራ ለአንድ እንደራሴ 98 ሺሕ ያህል፥ በኋለኛው 135 ሺሕ ያህል ሰው ይደርሳል። ይህ አማካይ ነው፤ ሕዝቡ ግን በየስፍራው እኩል አያድግም። እንግዲህ የተጣመመ መስመር ብቻ ሳይኾን ያረጀ መስመርም ያዳላል፤ ያውም ወቃሽ የሚይዘው እጅ ሳይታይበት።

በባሕር ዳር አጠገብ ያለችውን ሰባታሚትን እናስብ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ገበሬው ከከተሜው ጋር ቢቈጠር ድምፁ በብዙኃን ይዋጣል፤ ከገጠሩ ጋር ቢቈጠር በከተማ ሠርቶ ከሚያድር ልጁ ይለያል። ይህን ቍጥር ብቻ የያዘ እንግዳ አያየውም፤ የሚያየው የአገሩ ሰው ደግሞ ዘመድና ወገን አለው። ስለዚህ ብዕሩን የማይጠቀምበት ሰው ይያዝ፤ አዋቂዎቹ ግን በአደባባይ ይናገሩ፤ መስመሩ በዚያ ያለፈበት ምክንያትም ይጻፍ እላለሁ።

«ገለልተኛ ሰው ከወዴት ይገኛል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ንጹሕ ልብ በአዋጅ አይገኝም። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ልብን ከመመርመር ይልቅ በሩን ዘጋ፤ የጉባኤው አባል የኾነ ሰው እስከ ዐሥር ዓመት በምርጫ ለሚገኝ ሥልጣን እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ ባሰመረው ክልል ቆሞ «ምረጡኝ» ሊል አይችልም።