ዋናውና ግልባጩ

ነገርን ነገር ያነሣዋል። ባለፈው ሰሞን፣ ገጠር ላለ ዘመዴ ስል፣ አንድ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ የሚያወጣውን የፈተና ውጤት ስከታተል ሰነበትኩ። ገጹን በከፈትኩ ቁጥር የማገኘው «ውጤቱ ገና ነው» የሚለውን ያንኑ ማስታወቂያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ «ከትናንት ወዲያ ወጥቷል፣ አባቴ» አለችኝ በትሕትና። «በዓይኔ እያየሁት ትዋሺኛለሽ?» ብዬ ጮኽኩባትና ዘጋሁት።

ማታ የእህቴ ልጅ መጣ። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካ ነካ ሲያደርግ ውጤቱ ከነቀኑ ተዘረጋ። «ጋሼ፣ ካሹን አላጸዱትም እኮ» አለኝ።

እኔ ካሽ ሲባል የማውቀው ጥሬ ገንዘብ ነው። ይኼኛው ግን «መደበቅ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ሌላ ቃል ነው። ብራውዘር አንድን ገጽ ሩቅ ካለው ሰርቨር ሲያመጣ ግልባጩን ከራሱ ዘንድ ያስቀምጣል። ሌላ ቀን ያንኑ ገጽ ስንጠይቀው፣ መንገድ ለማሳጠር፣ ሄዶ ከማምጣት ይልቅ ያስቀመጠውን ሊያሳየን ይችላል። ግልባጩ ደግሞ «እኔ የትናንት ነኝ» አይልም፤ የዋናውን መልክ እንደ ያዘ ይቀርባል። ለካስ ያን ያህል የተማመንኩበት ዓይኔ የሚያየው አሮጌ ወረቀት ኖሯል!

እንቅልፍ የነሣኝ ግን የኮምፒዩተሩ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ፣ አንድ የቀድሞ ወዳጄ ለገንዘብ ያዥነት ተጠቁሞ ነበር። ከ12 ዓመት በፊት ዋስ ሆኜው ብድሩን ሳይከፍል ቀርቶ፣ ዕዳውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። እጄን አወጣሁና «እሱን እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ አላስፈለገም። ሌላ ሰው ተመረጠ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አውቀዋለሁ! ለመሆኑ ምኑን ነው የማውቀው? 12 ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። ቃሉ የዛሬ ይመስላል፤ ዕውቀቱ ግን ያን ጊዜ ተቀድቶ የተቀመጠ ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ እርሳ ያለኝም የለም። የእህቴ ልጅ ባሳየኝ የማጽጃ መስኮት ላይ የት የት እንደ ሄድን የሚመዘግበው ታሪክ ለብቻው፣ የተቀመጡት ግልባጮች ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። ግልባጩን ለማጥፋት ታሪኩን መፋቅ ግዴታ አይደለም። ዕዳውን መክፈሌ ታሪክ ነው፤ ማንም አይፍቀው። «ስለዚህ ዛሬም አይታመንም» የሚለው ግን ታሪክ ሳይሆን ግልባጭ ነው። ይቅርታና መርሳት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ከባዶ መጀመር አይቻልም። ጎረቤታችንን በየማለዳው እንደ እንግዳ እየመረመርን ልንኖር አንችልም፤ መተማመን ራሱ ከትናንት በተቀመጠ ዕውቀት የቆመ ነው። ጭንቁ የተቀመጠው መቼ እንዳረጀ ማወቁ ላይ ነው። በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፊል ካርልተን በኮምፒዩተር ሙያ ከባድ ነገር ሁለት ብቻ መሆኑን፣ አንደኛው ይኸው እንደ ሆነ፣ ሁለተኛውም ለነገሮች ስም ማውጣት እንደ ሆነ መናገሩ ይወሳል።

የሙያው ሰዎች ያገኙት አንድ መላ ግን ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሰነድ በወጣው ኤችቲቲፒ በተባለው የመግባቢያ ደንብ መሠረት፣ ብራውዘሩ «ከዚህ ቀን ወዲህ ተለውጧል ወይ?» ብሎ ሰርቨሩን ሊጠይቅ ይችላል። ካልተለወጠ 304 የሚል ቁጥር ይመለስለታል፤ በያዝከው ተጠቀም ማለት ነው። ግልባጩ ያው ግልባጭ ነው፤ አሁን ግን ተጠይቆበታል። እኔ የጎደለኝ ይህችው አንዲት ጥያቄ ናት።

ዋናው ከጠፋስ? ያን ጊዜ ግልባጩ ቅርስ ይሆናል። የሞተች እናቴን ድምፅ ከልቤ አጽዳ የሚለኝ ቢኖር አልሰማውም። የወዳጄ ዋናው ግን በሕይወት አለ፤ ቤቱም ከቤቴ ሁለት ቅያስ አይርቅም።

ሄጄ ስጠይቀው ምናልባት ያው የድሮው ሰው ሆኖ አገኘው ይሆናል። ያን ጊዜ «አውቀዋለሁ» ብል ሐሰት የለበትም። ተለውጦ ካገኘሁት ደግሞ በጉባኤ ፊት ያወጣሁትን እጅ በዚያው ጉባኤ ፊት እንደገና ማውጣት ይጠበቅብኛል። የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው፤ እስከ ዛሬ ሳልጠይቀው የቀረሁትም ምናልባት ይህንኑ ፈርቼ ይሆናል።