መክረርና መጽናት

ሃይማኖቱን ከልክ በላይ የሚያጠብቀውን ሰው አማርኛችን «አክራሪ» ይለዋል። ቃሉ ከመክረር የመጣ ነው፤ ክር ሲፈተል ይከራል፣ የክራር ጅማት ሲሳብ ይከራል። ጾም ጸሎቱን ችላ ያለውን ደግሞ «ላላ» እንለዋለን። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሳንመረምር የተቀበልነው ሐሳብ አለ፦ እምነት በመጥበቅ ይጸናል፣ በመላላት ይጠፋል፤ የቀረው ጥያቄ ምን ያህል ይጥበቅ የሚለው ብቻ ነው። እኔ ይህን ሐሳብ አልቀበለውም። ለምን እንደማልቀበለው ለማስረዳት፣ ኑሮው ሁሉ ውጥረት የሆነው ድራም ቅኝቱን በምን እንደሚጠብቅ ቀረብ ብሎ ማየት ይረዳል።

የዘመናዊ ድራም ቆዳ በብረት ቀለበት ተይዞ ዙሪያውን በብሎኖች ይወጠራል፤ ስኔር በሚባለው ድራም ላይ ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ናቸው። ቃናው ሲወርድበት ጀማሪው ቁልፉን አንሥቶ እጁ የደረሰበትን ብሎን ያጠብቃል። የለመደው ሰው ግን በየብሎኑ አጠገብ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ ቆዳውን በቀስታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። አንዱ ጋ ድምፁ ከፍ፣ ሌላው ጋ ዝቅ ይላል። የከረረውን እያላላ፣ የላላውን እያጠበቀ፣ ከአንዱ ብሎን ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገረ ሁሉም አንድ ድምፅ እስኪሰጡ ይዞራል። ቆዳው አንድ ነውና እዚህ የተሳበው እዚያ ይሰማል። ውጥረቱ እኩል ያልሆነ ድራም የቱንም ያህል ቢከር ድምፁ ይርገበገባል፤ ጫናውን ያልተካፈለው ብሎንም በየምቱ ንዝረት እየተፈታ ይሄዳል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ቃናውን ማውረድ የፈለገ ባለሙያ ከሚፈልገው በታች ያወርደውና እንደገና እያጠበቀ ወደ ላይ ይደርስበታል፤ እያላላ ብቻ የደረሰበት ቃና ብዙ አይቆይለትም።

እንግዲህ ድራሙን የሚያጸናው የውጥረቱ ብዛት ሳይሆን እኩል መከፋፈሉ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሳቸው ጾም የተዉትን አይደለም፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነው። አንዱ ብሎን እስከ መጨረሻው ከሯል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ወልቋል። እንዲህ ላለው ሰው ተጨማሪ ጾም ማዘዝ የከረረውን ብሎን እንደገና ማክረር ነው። አክራሪውን ላላ በል ብሎ መምከርም አያድነውም፤ የጎደለው ምሕረት ነውና መጥበቅ ያለበት እሱ ጋ ነው።

ጽናት የባሕርይ ጉዳይ ነው፣ ጠንካራ የተፈጠረ ይጸናል የሚል ይኖራል። ማስረጃም አያጣም። የቆዳ ከበሮ በክረምት እርጥበት ይላላል፤ ፀሐይ ወይም እሳት ሲሞቅ ይከራል። እ.ኤ.አ. በ1957 አካባቢ አሜሪካኖቹ ቺክ ኢቫንስና ሬሞ ቤሊ ማይላር ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ሽፋን ገበያ ላይ ሲያወጡ ድራም ከአየር ጠባይ ነፃ ወጣ። ከምት ግን ነፃ አልወጣም። ፕላስቲኩም ይለጠጣል፣ ዱላው ያረፈበት ይጎደጉዳል፣ ብሎኑም ይፈታል። ቅኝቱን የሚያጠፋበት የተሠራለት ሥራ ራሱ ነው፤ ያልተመታ ድራም ቅኝቱን ረጅም ጊዜ ቢጠብቅም ለምንም አልጠቀመም። ስለዚህ የሚያገለግል ሰው መላላቱን እንደ ክህደት ማየት ትክክል አይመስለኝም።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ የቆየ ነው። በፕላቶ «ፋይዶን» ውስጥ ሲሚያስ ነፍስን ከበገና ቅኝት ጋር ሲያመሳስላት፣ ሶቅራጥስ ቅኝት ጅማቶቹን ይከተላል እንጂ አይመራቸውም፣ ነፍስ ግን ሥጋን ትመራለች ብሎ ይመልስለታል። እውነት ነው፤ ድራም ራሱን አይቃኝም፣ ራሱንም አይሰማም። ሰው ራሱን ይሰማል፤ ችግሩ አጥርቶ አለመስማቱ ነው። ድራመሩ ከላይ ሆኖ የሚሰማው ድምፅ ፊት ለፊት የቆመው ከሚሰማው ይለያል፤ ስለዚህ ዱላውን ለሌላ ሰጥቶ ራቅ ብሎ ያዳምጣል። ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን አንድ ጊዜ፣ ንስሐን ግን ደጋግማ መስጠቷ፣ ለምእመኑም የንስሐ አባት ማቆሟ ከዚህ ጋር ይገጥምልኛል። የንስሐ አባት ራቅ ብሎ የሚሰማ ሁለተኛ ጆሮ ነው። ይህ ለመላላት ፈቃድ መስጠት ነው ለሚል፣ ጥሩ ድራመር ቅኝቱን የሚፈትሸው አድማጭ ሲያማርር ሳይሆን ከመጫወቱ በፊት መሆኑን አስታውሰዋለሁ።

ቁልፍ የማይረዳው ድራም ግን አለ። ቆዳው የሚያርፍበት የእንጨቱ ጠርዝ ከተጣመመ ብሎኖቹ ሁሉ እኩል ቢጠብቁም አንድ ድምፅ አይገኝም። ያን ጊዜ ባለሙያው ማጥበቁን ትቶ ብሎኖቹን ሁሉ ይፈታል፣ ቆዳውን ያነሣል፣ እንጨቱን በጠፍጣፋ ነገር ላይ ደፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን ክፍተት ይፈልጋል። ከልጅነቱ የተሰበረ ሰው ቀኖና ሲጨመርበት የባሰ የሚንቀጠቀጠው፣ ማንም ቆዳውን አንሥቶ ጠርዙን ስላላየለት ይሆናል።